ብቻውን የሚጓዝ ሻንጣ

ወደ ውጭ አገር የሚበር ሰው ሻንጣውን ሚዛን ላይ ካወጣ በኋላ የምትቀርብለት አንዲት ጥያቄ አለች። «ሻንጣውን ያሸከፉት ራስዎ ነዎት?» የምትል። ጠያቂው በቀን ስንት መቶ ጊዜ እንደሚላት እግዜር ይወቀው። ተጠያቂውም ሐሳቡ ፓስፖርቱና ሚዛኑ ላይ ስለሆነ «አዎ» ብሎ ያልፋል። ቀጥሎ «የሌላ ሰው ዕቃ ይዘዋል?» ይባላል። «አልያዝኩም።» ይህችም አለፈች። ከዚያ ሻንጣው በጎማው ምንጣፍ ላይ ተንሸራቶ ከመጋረጃው በስተኋላ ይጠፋል። ባለቤቱ በአንድ በር፣ ሻንጣው በሌላ በር፤ መንገዳቸው ተለያየ ማለት ነው።

እስቲ እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ ከመካከላችን ሻንጣውን ብቻውን የሚያሸክፍ ማን ነው? ሽሮውን እናት ታስቀምጣለች፤ በርበሬውን አክስት ትጨምራለች፤ ዳቦ ቆሎው ከጎረቤት ይመጣል። «እግረ መንገድህን ለልጄ» የሚባል ጥቅል ከየአቅጣጫው ይጎርፋል። የእኛ አገር ሻንጣ የአንድ ሰው ንብረት ብቻ ሳይሆን የሰፈር ጉባኤ ነው። ከዚህ ግቢም በየዓመቱ ለትምህርት፣ ለሥልጠናና ለስብሰባ ባሕር ማዶ የሚወጡ ጓደኞቻችን ጥቂት አይደሉም። ስለዚህ ያች ጥያቄ ከየት እንደመጣች፣ ሻንጣችንም ከእኛ ተለይቶ በመሸጋገሪያ ከተማ ሲያድር ምን እንደሚገጥመው ማወቅ ለእኛ የሩቅ ወሬ አይደለም። (ቀኖቹን የምጽፈው በእኛው አቆጣጠር ነው፤ በፈረንጅ ሲሆን እናገራለሁ።)

በመጀመሪያ የሻንጣውን መንገድ እንከተል። ከባሕር ዳር ተነስቶ፣ በአዲስ አበባ አድርጎ፣ ወደ ዋሽንግተን የሚሄድ መንገደኛ አለ እንበል። በሻንጣው እጀታ ላይ የምትታሰረው ረጅም ወረቀት አሥር አኃዝ ያለው ቁጥር ታትሞባታል። ከአኃዞቹ ሦስቱ አየር መንገዱን ያመለክታሉ፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ለምሳሌ 071 ነው። ሻንጣዎቹን የሚለየው መኪና የሰው ስም አያውቅም፤ የሻንጣ መልክም አያውቅም። የሚያነበው ያንን ቁጥር ነው። ለእርሱ ሻንጣ ማለት ቁጥሩ፣ ቁጥሩም ማለት ባለቤቱ ነው። መንገደኛው በመሸጋገሪያው አዳራሽ ወንበር ላይ ሲያንቀላፋ፣ ሻንጣው ከምድር ቤት ከአንዱ ቀበቶ ወደ ሌላው፣ ከአንዱ ጋሪ ወደ ሌላው ይዛወራል። ባለቤቱ የማያየው፣ የሚያየው ሰው ደግሞ የማን እንደሆነ የማያውቀው፣ በዚህች ሰዓት ነው።

ክፉ አሳቢዎች ቀድመው ያወቁትም ይህችን ሰዓት ነው።

ሰኔ 15 ቀን 1977 ዓ.ም. በካናዳ ቫንኩቨር አንድ ሰው ወደ ቶሮንቶ ለመብረር ቀረበ። ከቶሮንቶ ወዲያ ወደ ሕንድ የሚወስደው አይሮፕላን ላይ ያለው ቦታ ገና አልተረጋገጠለትም፤ ሻንጣው ግን በቀጥታ እስከ ዴልሂ እንዲጻፍለት ሙጭጭ አለ። የምታስተናግደው ሠራተኛ አይቻልም ብላው ነበር። ሰልፉ ረዝሟል፤ ሰውየው ይጨቃጨቃል፤ በመጨረሻ ጻፈችለት። ሻንጣው በረረ፤ ሰውየው ግን አልተሳፈረም። ቶሮንቶ ላይ ሻንጣዎቹ ወደ ኤር ኢንዲያ አይሮፕላን ሲዛወሩ የራጁ መኪና ተበላሽቶ ስለነበረ የቀሩት የታዩት በእጅ በሚያዝ አነፍናፊ መሣሪያ ነበር። በማግስቱ አይሮፕላኑ ከአየርላንድ ጠረፍ ወዲያ ባሕሩ ላይ ሳለ ፈነዳ፤ 329 ሰዎች አለቁ።

የዚያኑ ዕለት፣ አንድ ሰዓት ያህል ቀደም ብሎ፣ ከቫንኩቨር በሌላ አይሮፕላን የመጣ ሌላ ባለቤት አልባ ሻንጣ በጃፓን ናሪታ ጣቢያ ፈንድቶ ነበር። እርሱም ተሸጋጋሪ ነው፤ ወደ ኤር ኢንዲያ ሌላ በረራ በመዛወር ላይ ሳለ ነው የፈነዳው። ሁለት ሻንጣ ጫኝና አውራጆች ሞቱ። ስለ አይሮፕላን አደጋ ሲወራ መንገደኛው ይቆጠራል፤ አብራሪው ይቆጠራል። በምድር ቤት የሰው ሸክም ሲያመላልሱ የሞቱትን ሁለት ወዛደሮች የሚያነሳቸው ጥቂት ነው። ይሁን እንጂ የሻንጣ ፍተሻ ለማን ነው ቢባል፣ ከሁሉ አስቀድሞ ሻንጣውን በእጁ ለሚያነሳው ሰው ነው።

ከሦስት ዓመት ተኩል በኋላ፣ ታኅሣሥ 12 ቀን 1981 ዓ.ም.፣ ከሎንደን ወደ ኒው ዮርክ የሚበር የፓን አም አይሮፕላን በስኮትላንድ ሎከርቢ በምትባል ትንሽ ከተማ ላይ ፈነዳ። በውስጡ የነበሩት 259ና በከተማዋ ውስጥ 11፣ በጠቅላላው 270 ሰዎች ሞቱ። በኔዘርላንድስ የተሰየመው የስኮትላንድ ፍርድ ቤት በ1993 ዓ.ም. እንደደመደመው፣ ፈንጂው የተደበቀው በሬዲዮ ቴፕ ውስጥ ነው፤ ቴፑ በሻንጣ ውስጥ፤ ሻንጣውም ያለባለቤት ከማልታ ተነስቶ በፍራንክፈርት ተዛውሮ ሎንደን የደረሰ ነው። ሁለት ጊዜ ተሸጋገረ ማለት ነው። በዚህ መደምደሚያ ላይ ክርክሩ እስከ ዛሬ አልበረደም፤ ነገር ግን ብቻውን የሚጓዝ ሻንጣ ምን ሊሠራ እንደሚችል ከዚያ ወዲህ የተጠራጠረ የለም።

በዚያ አይሮፕላን ውስጥ 35 ተማሪዎች ነበሩ። በሲራክዩስ ዩኒቨርሲቲ አማካይነት አንድ መንፈቅ በአውሮፓ ተምረው ለገና በዓል ወደ ቤታቸው የሚመለሱ። እንደ እኛው ማስታወሻ ደብተራቸውን፣ ለእናት የተገዛ ስጦታ፣ ያልታጠበ ልብስ የያዙ። ዩኒቨርሲቲው ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ 35 ተማሪዎችን መርጦ በእነሱ መታሰቢያ የትምህርት ገንዘብ ይሰጣል። እኔ ስለ ሻንጣ ፍተሻ ሳስብ ፊቴ ላይ የሚመጡት እነዚህ ናቸው። ሻንጣቸውን ራሳቸው ያሸከፉ፣ የሌላ ሰው ሻንጣ የገደላቸው።

ያ ሁሉ ደም የጻፈው ሕግ ሲነገር አጭር ነው፤ ሰውና ሻንጣው አይለያዩ። ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት በ17ኛው አባሪው ያስቀመጠው ደንብ፣ ያልተሳፈረ ሰው ሻንጣ ለብቻው ተለይቶ ታውቆ ተጨማሪ ፍተሻ ካላለፈ በቀር እንዳይጫን ያዛል። አይሮፕላን ውስጥ ተቀምጠን «አንድ መንገደኛ ስለቀረ ሻንጣው እስኪወርድ እንጠብቃለን» ሲባል የምናጉረመርመው ለዚህ ነው። ከዚያ ሁሉ ሻንጣ መካከል አንዱን ፈልጎ ማውረድ ጊዜ ይፈጃል። እኔ በበኩሌ ይህን ታሪክ ካወቅሁ ወዲህ ማጉረምረሙን ትቻለሁ፤ ያ ግማሽ ሰዓት ለእነዚያ ሰዎች ተነፍጎ የነበረ ግማሽ ሰዓት ነው።

ሁለተኛው ደንብ ፍተሻው ራሱ ነው። ከታኅሣሥ 1998 ዓ.ም. ጀምሮ በዓለም አቀፍ በረራ በአይሮፕላኑ ሆድ የሚገባ ሻንጣ ሁሉ መፈተሽ አለበት። ተሸጋጋሪ ሻንጣም ሲዛወር እንደገና ይፈተሻል፤ የሚቀርለት፣ የተነሳበት ጣቢያ ፍተሻ የሚታመን መሆኑ ከተረጋገጠና በመንገድ ላይ ማንም እንዳይነካው ከተጠበቀ ብቻ ነው። እንግዲህ አገርና አገር የሚተማመኑት በዚህ ነው፤ ያልተማመኑ እንደሆነ ሻንጣው በየደረሰበት ራጅ ይነሳል።

አሁን በብዙ ቦታ የሚሠራበት መኪና ሐኪም ቤት የምናውቀው የሲቲ ስካን ዘመድ ነው። ሻንጣውን እንደ ዳቦ በስሱ በስሱ ቆራርጦ ያያል፤ እያንዳንዱ ዕቃ ከስፋቱ አንፃር ምን ያህል እንደሚከብድ ይለካል። ጣጣው የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። አንዳንድ ፈንጂና አንዳንድ ምግብ በዚህ ልክ ይቀራረባሉ። ማር፣ ቸኮላት፣ አይብ፣ የታመቀ ዱቄት! ታኅሣሥ 27 ቀን 2002 ዓ.ም. በካሊፎርኒያ ቤከርስፊልድ የሆነው ይህንን ያሳያል። በአንድ መንገደኛ ሻንጣ ላይ የተደረገው ምርመራ ፈንጂ አለ አለ። ሻንጣው ሲከፈት ፈሳሽ የሞላባቸው ጠርሙሶች ተገኙ፤ የአይሮፕላን ጣቢያው ተዘጋ፤ ቦምብ አምካኞች ተጠሩ፤ ሰውየውም ተይዞ ተጠየቀ። በመጨረሻ በጠርሙሶቹ ውስጥ የተገኘው ማር ነው። የጎጃም ሰው ይህን ቢሰማ ምን ይላል? «ጠርጥር፣ ከገንፎም ውስጥ አይጠፋም ስንጥር» የሚለውን አባባላችንን መኪናው ቃል በቃል ይሠራበታል።

ይህን ሁሉ አምኜ ስቀበል አንድ የሚከነክነኝ ነገር ግን አለ። ሻንጣ በመሸጋገሪያ ሲፈተሽ ባለቤቱ የለም።

ባለፈው ዓመት ለአጭር ሥልጠና ወጥቼ ነበር። ሻንጣዬ በመንገድ ላይ ተከፍቷል፤ የትኛው ከተማ እንደሆነ መጥቀሱ አይጠቅምም። ስደርስ ጋቢዬ እናቴ ካጣጠፈችው ባማረ ሁኔታ ተጣጥፎ አገኘሁት። የበሶው ላስቲክ ሌላ ዓይነት ቋጠሮ ተቋጥሯል። ከላዩ ሻንጣው መከፈቱን የምትገልጽ ታትማ የተዘጋጀች ወረቀት ተቀምጣለች። አንድም ነገር አልጎደለም። ቢሆንም ሻንጣውን ከፍቼ ብዙ ጊዜ ቆሜ አየሁት። አንድ የማላውቀው ሰው ጓንት አጥልቆ በሶውን ነካክቷል፤ ምናልባትም ምን ዓይነት ነገር ይሆን ብሎ ተጨንቋል። እኔ እዚያ ብሆን ኖሮ «ገብስ ነው ወንድሜ፣ ተቆልቶ የተፈጨ፣ በውኃ በጥብጠው ይጠጡታል» እለው ነበር። ቃሌን ሳልሰጥ ተከስሼ፣ ቃሌን ሳልሰጥ ነፃ ወጣሁ። ነፃ መውጣቱ ደግ ነው፤ ግን ሰው ስለ ራሱ አንድ ቃል ቢናገር ምን ነበረበት?

ባለቤቱ የሚገኝበት ፍተሻም አለ። ወደ አሜሪካ የሚገባ መንገደኛ መጨረሻው ሌላ ከተማ ቢሆን እንኳ፣ በአብዛኛው መጀመሪያ ባረፈበት ከተማ ሻንጣውን ራሱ ተረክቦ፣ ጉምሩክ አሳልፎ፣ እንደገና አስረክቦ ነው የሚቀጥለው። በ2017 ዓ.ም. ከአንዳንድ ከተሞች ለሚነሱ ጥቂት በረራዎች ይህን ለማስቀረት ሙከራ ተጀምሯል። ለደከመው መንገደኛ ሰልፉ ያስመርራል፤ የሚቀጥለው አይሮፕላን ሊያመልጠውም ይችላል። ግን ልብ እንበል፤ እዚያ ሰውና ሻንጣ ተገናኝተው ነው የሚጠየቁት። «ምግብ ይዘሃል?» ሲባል «ይዣለሁ፤ ሽሮና በርበሬ ነው» ብሎ መመለስ ይቻላል። (ቋንጣና ሌላ የሥጋ ነገር ግን አይገባም፤ የእንስሳት በሽታ ስለሚፈሩ ነው። የያዙትን ማስመዝገብ ይሻላል፤ የሚያስቀጣው መደበቁ ነው።)

ባለቤቱ በሌለበት ደግሞ የባሰ ሊመጣ ይችላል። በ2015 ዓ.ም. የካቲት ወር ሁለት ብራዚላውያት ሴቶች ለሽርሽር ወደ ጀርመን ተጓዙ። ሳን ፓውሎ ላይ አይሮፕላን ሲቀይሩ፣ እነሱ በማያዩበት ምድር ቤት፣ የሻንጣቸው መለያ ወረቀት ተነቅሎ ኮኬይን በሞላባቸው ሁለት ሻንጣዎች ላይ ተለጠፈ። ፍራንክፈርት ሲደርሱ ተያዙ። ሻንጣዎቹ የእነሱ አይደሉም፤ ቁጥሩ ግን የእነሱ ነው። ለመኪናው ቁጥሩ ባለቤቱ ነው ብዬ የለ? 38 ቀን ታሰሩ። ያስፈታቸው በጣቢያው ካሜራ የተቀረጸው ምስል ከብራዚል ተልኮ መድረሱ ነው። ስለዚህ ከምዝገባው ላይ የምትሰጠንን ቁራጭ ወረቀት ተራ ነገር አናድርጋት። የተዘጋውንም የተከፈተውንም ሻንጣ፣ ከነመለያው፣ ሚዛኑ ላይ ካለው ቁጥር ጋር በስልክ ፎቶ ማንሳት ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ሻንጣው ተጎድቶ ከደረሰ ደግሞ፣ እ.ኤ.አ. በ1999 በሞንትሪያል በተፈረመው ስምምነት መሠረት ለአየር መንገዱ የጽሑፍ አቤቱታ የሚቀርበው በ7 ቀን ውስጥ ነው፤ ከዚያ ካለፈ ሰሚ የለም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ ወደ አደራ፣ ልመለስ።

ሚያዝያ 9 ቀን 1978 ዓ.ም. ሎንደን ላይ አንዲት ነፍሰ ጡር አየርላንዳዊት ወደ ቴል አቪቭ ልትሳፈር ቀረበች። ቦርሳውን የሰጣት እጮኛዋ ነው፤ ሊያገባት ቃል ገብቶላት፣ ቤተሰቦቹ ዘንድ ቀድማ እንድትሄድ ነግሯት። ቦርሳው የእጅ ነው፤ የጣቢያውን ፍተሻ አልፏል። የእስራኤል አየር መንገድ ጠባቂዎች ግን ጠየቋት፤ ማን ሰጠሽ፣ የት ታርፊያለሽ፣ ማንን ታውቂያለሽ እያሉ። ከዚያ ቦርሳውን ባዶ ቢያደርጉት ባዶው ከበዳቸው። ከሥሩ ሌላ ወለል ነበረው፤ ከወለሉ በታች አንድ ኪሎ ተኩል ያህል ሴምቴክስ የሚባል ፈንጂ። እርሷ ምንም አታውቅም። ከነልጇ፣ በውስጡ ካሉት ብዙ መቶ ሰዎች ጋር ልትጠፋ ነበር። ሰውየው 45 ዓመት ተፈረደበት። እንግዲህ ራጅ ያላየውን ጥያቄ አየው። «ያሸከፉት ራስዎ ነዎት?» የምትለው ቃል ተራ የአፍ ልማድ አለመሆኗን ያወቅሁት ይህን ታሪክ ሳነብ ነው።

ከእኛ ዘንድ ደግሞ «አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ» ይባላል። አደራን ከፍቶ ማየት ነውር ነው፤ የሰጪውን ፊት መስደብ ነው። እንደዚህ ተብለን ነው ያደግነው። ለሥልጠናው ስወጣ ጎረቤታችን፣ እናቴ የምታከብራቸው ትልቅ ሴት፣ ዋሽንግተን ላለው ልጃቸው ጥቅል ይዘው መጡ። አቡጀዲ ውስጥ ተደርጎ ዙሪያው በመርፌ ተሰፍቷል። ስፌቱን አይቼ ልቤ ዝቅ አለ።

«እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ተከፍቶ ባየው ደስ ይለኛል» አልኳቸው።

ዝም አሉ። እናቴ በዐይኗ ገሠጸችኝ።

«እኔን ነው?» አሉ ቆይተው።

«እርስዎንማ እንዴት እማማ! እዚያ ማን ሰጠህ፣ ምን አለበት ብለው ሲጠይቁኝ ዐይቼዋለሁ ልል ነው እንጂ። ሳላየው አየሁ ብል ውሸት ነው፤ አላየሁም ብል እርስዎን ማስጠርጠር ነው።»

ጥቂት አሰቡ። ከዚያ እናቴን መቀስ ጠየቋት። «እኔ የሰፋሁትን እኔው ልፍታው» ብለው ክሩን አንድ በአንድ በጠሱ። በርበሬ፣ ሚጥሚጣ፣ በትንሽ ጠርሙስ ጠበል፣ የታጠፈ ደብዳቤ። እያንዳንዱን እያነሱ ነገሩኝ፤ በርበሬው የት እንደተሸመተ፣ ማን እንደቀመመው፣ ጠበሉ ከየትኛው ደብር እንደመጣ። ደብዳቤውን አልከፈትነውም፤ ወረቀት መሆኑን ዳስሼ መለስኩት። ልጃቸው ዕቃውን ሲረከበኝ የነገርኩት ያንኑ ነበር፤ ስለ ጠበሉ ስነግረው ቁጭ አለ። ያ ጥቅል እንደተሰፋ ሄዶ ቢሆን ዕቃውን ባደርስለትም ወሬውን አላደርስለትም ነበር።

ከዚህ በኋላ ያመንኩት ይህንን ነው። አደራን ሰጪው ባለበት ከፍቶ ማየት አደራን ማፍረስ አይደለም። የተሰፋ ጥቅል ተቀብሎ «የራሴ ነው» ብሎ መማል ግን ሦስት ሰው ያስዋሻል፤ ሰጪውን፣ ተቀባዩንና ተሸካሚውን። ደግሞ ማንም ክፉ ሰው ቢነሳ የሚገባበት ቀዳዳ ይህ የእኛ መልካምነት ነው። ሰው በሰው መተማመኑን ለመጠበቅ ስንል ነው መክፈት ያለብን። ዐይቶ የተሸከመ ሰው ሲጠየቅ አይንተባተብም፤ «የጎረቤታችን ነው፤ በርበሬ ነው፤ ፊቴ ነው የታሸገው» ይላል። በመሸጋገሪያው ምድር ቤት ሻንጣው ብቻውን ሲሆንና ጓንት ያጠለቀው እጅ ሲገባበትም፣ የሚያገኘው ባለቤቱ የሚያውቀውን ነገር ብቻ ነው።

ፈታሾቹም ቢሆኑ ሰዎች ናቸው። ከጧት እስከ ማታ የሰውን ገበና ሲያዩ የሚውሉ፣ በናሪታ እንደሞቱት ሁለቱ የመጀመሪያውን እሳት የሚቀበሉ። እነሱ ሻንጣችንን በክብር እንዲያጣጥፉልን፣ መክፈታቸውንም እንዲነግሩን፣ በተቻለ መጠንም እኛ ባለንበት እንዲከፍቱት መጠየቅ መብታችን ነው፤ ከዚያ በፊት ግን የእኛ ተራ አለ። ከመካከላችሁ በቅርቡ የምትወጡ ካላችሁ፣ ሰልፉ ላይ ያች ጥያቄ ስትመጣ ቀና ብላችሁ መልሱ። እቤት ሳላችሁ ደግሞ፣ ማንም ጥቅል ይዞ ቢመጣ፣ መቀሱን አስቀድማችሁ አቅርቡ።